ወይኑ እስኪደርስ

ሰውየው መዋሸት አይችልም ነበር። ከሌላው የተሻለ ጨዋ ሆኖ አይደለም፤ በቃ አይችልበትም። አንዳንድ ሰው ዜማ አይወጣለትም፣ አንዳንዱ ውሃ ላይ መንሳፈፍ አይሆንለትም፤ እሱ ደግሞ ሊዋሽ ሲል ሁለት ጆሮዎቹ ይቀላሉ፣ ቃሉም አፉ ውስጥ ተንከባልሎ እዚያው ይቀራል። ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነው። በዚህ ጠባዩ ብዙ ደንበኛ አጥቷል፤ ጥቂት ደግሞ ጨርሶ የማይለዩት አፍርቷል። ያቺን ልጅ ያገኛትም፣ ሊያጣት የደረሰውም በዚሁ ነው።

ልጅቷ ፋርማሲስት ናት። አንድ ጠዋት የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ፍሪጅ ማቀዝቀዝ አቆመና ተጠራ። ሲደርስ ኢንሱሊኑን በረዶ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ደርድራ፣ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ አገኛት። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አደረገና ጆሮውን ከጀርባው ለጥፎ ቆየ።

«ይድናል?» አለችው።

«አይድንም።»

ከእሱ በፊት የነበረው ባለሙያ በመጣ ቁጥር ነካክቶ «ድኗል» እያለ ነበር የሚሄደው። እሱ ግን ቢፈልግ ለጥቂት ሳምንት ሊያስነሳው እንደሚችል፣ ከዚያ ግን ሰው በሌለበት በአንዱ እሑድ ቀጥ እንደሚል፣ ሰኞ መጥተው የተበላሸውን መድኃኒት ሳያውቁ ለሕመምተኛ እንደሚሰጡ አስረዳት። አዲስ ግዙ አላት። ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር ትኩር ብላ አየችው።

«በዚህ ዓይነት ሥራ ታገኛለህ?»

«ብዙም አላገኝም» አለ።

ሳቀች። ድካም የተጫነው ፊት ነበራት፤ ስትስቅ ድካሙ አይጠፋም፣ ሳቁ ከላዩ ላይ ይመጣል እንጂ። እሱ ይህን አየ። አይቶም ምን ብሎ እንደሚጠራው አላወቀም።

አዲሱ እስኪገዛ ከራሱ ሱቅ አንድ ፍሪጅ በጋሪ አስጭኖ አመጣላት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ብቅ እያለ ቴርሞሜትሩን ያያል። በየቀኑ ማየት እንደማያስፈልግ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። አዲሱ ፍሪጅ ከገባ በኋላም መምጣቱን አልተወም፤ ያኔ ሁለቱም ሰበብ መፈለጉን ትተው እሷ ከሥራ ስትወጣ አብረው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ።

እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። እናቷን ሞት እስኪወስዳት ድረስ ዓመታት እንዳስታመመች፣ አሁን ከአባቷ ጋር እንደምትኖር፣ ታላቅ ወንድሟ ትዳር ይዞ ለብቻው እንደወጣ፣ መድኃኒት ቤቱ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፍቶ ኃላፊ ሁኚ ቢሏት «አባቴን ጥዬ አልሄድም» እንዳለች፣ ሁሉንም ነገረችው። የእሱ መልስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ «ጥሩ ነው»፣ ወይ «ጥሩ አይደለም»። መጀመሪያ ላይ ያስቃት ነበር። ቆይቶ ግን የምታርፍበት ነገር ሆነ፤ ይህ ሰው «ጥሩ ነው» ካለ እውነትም ጥሩ ነዋ።

አንድ እሑድ ለምሳ ቤቷ ወሰደችው።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሟች ሚስታቸው የተከለችው የወይን ሐረግ አጥሩን ይዞ እስከ ጣሪያው ተሳብቷል። በየዓመቱ ፍሬውን ለቅመው ይጨምቁትና ከጓሮ ባለችው ዕቃ ቤት፣ በትልልቅ የመስታወት ደምጃን ወይን ጠጅ ይጥላሉ። እንግዳውን በሩ ላይ ተቀብለው ሥራውን ጠየቁት። ሲነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩትና «እንግዲያው ስምህ በረዶ ነው» አሉት፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ጠርተውት አያውቁም።

ምሳው ሲያልቅ ያምናውን ወይን አመጡ። በየብርጭቆው ቀዱና ዙሪያውን እየቃኙ ጠበቁ። ወንድምየው ተጎነጨና ዘንድሮስ አባዬ ተራቀህበት አለ። የወንድምየው ሚስት ከሱቅ የተገዛ ነው የሚመስለው አለች። ልጃቸውም ከንፈሯን አስነክታ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው በየተራ እያዩዋቸው ፈገግ ሲሉ ቆዩና ወደ እንግዳው ዞሩ።

«አንተስ፣ በረዶ?»

ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ነካችው። ጆሮዎቹ ቀሉ።

«ጋሼ» አለ፣ «አቼቶ ሆኗል።»

ሁሉም ቁጣ ጠበቀ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፤ ብርጭቋቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እንደገና ብርጭቋቸውን አዩ። ከዚያ ብድግ ብለው የሁሉንም ብርጭቆ ሰበሰቡና የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፉት። ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ወንድምየው የእንግዳውን ጃኬት አምጥቶ እጁ ላይ አኖረለት።

እሷ እስከ በሩ ሸኘችው። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«አንድ ጉንጭ ነው» አለችው። «አንዷን ዋጥ አድርጎ ጥሩ ነው ማለት ምን ይጎዳል? ከእናቴ የቀረው ነገር ይሄ ሐረግ ነው።»

ይቅርታ አድርጊልኝ ብሎ ሄደ።

የእሷ ኩርፊያ ብዙ አልቆየም። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትወጣ የአቼቶውን ነገር አስታውሳ ሳቋ አመለጣት፤ መንገድ ላይ ቆማ እስክትታጠፍ ሳቀች። ቤቱ ግን ለእሱ ተዘጋ። ወንድሟ «ያ አስተዳደግ የጎደለው» እያለ በዘመድ ሁሉ ፊት ስሙን ያነሳል። አባቷ ደግሞ ስሙን ጭራሽ አያነሱም። ይህን እሷም እንደ እምቢታ ቆጠረችው።

ትንሽ ሰንበት ብሎ አንድ ጠዋት ፍሪጅ ሠሪው ሱቁን ከፍቶ ሥራ ሲጀምር፣ በሩን የሚጋርድ ሰው መጣ። ቀና ሲል ሽማግሌው ናቸው። ከኮታቸው ሥር ጠርሙስ አወጡና ሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመፍቻዎቹ መሀል አስቀመጡት።

«ቅመስ።»

የዘንድሮው ነበር። መፍላቱን ካቆመ ገና ቅርቡ ነው፤ ደፍርሷል፣ ቀለሙ እንደ በለዘ ገላ ወይን ጠጅማ ነው። በሻይ ብርጭቆ ቀድቶ ቀመሰ።

«ጥሩ አይደለም።»

«እሱን አውቄዋለሁ። ምኑ ነው ጥሩ ያልሆነው? ይኮመጥጣል? ይመራል? ምን ምን ይሸታል?»

«እርስዎ አልቀመሱትም እንዴ?»

ሽማግሌው ዙሪያውን ቃኙ። በጎኑ የተጋደመ አሮጌ ፍሪጅ ላይ ተቀመጡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አፍንጫ የለኝም» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት መንገድ ላይ ክፉ ትኩሳት ያዛቸው። ትኩሳቱ ለቀቀ፤ ማሽተት ግን አልተመለሰም፤ የምግብ ጣዕምም አብሮት ሄደ። ጨው መሆኑን፣ ስኳር መሆኑን፣ መሙቀቱን ያውቃሉ፤ ሌላው ሁሉ ወረቀት እንደማኘክ ነው። ይህን የምታውቅ ሚስታቸው ብቻ ነበረች። ወይኑን እሷ ትቀምስላቸዋለች፤ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ቆማ እንዲህ ይላል፣ እንዲያ ይላል እያለች ትነግራቸዋለች። እሳቸውም በእሷ አፍ ሲቀምሱ ኖሩ። እሷ ከሞተች ወዲህ ልጆቻቸውን እየጠየቁ «ግሩም ነው» ሲባሉ ጊዜ ግሩም ነው ብለው ያምኑ ነበር።

«ልጆቼ አቼቶ ሲጠጡ ነው የከረሙት» አሉ። «ክፉ ሆነው አይደለም። አዝነውልኝ ነው። ግን ሰው ሲያዝንልህ ምንም ነገር አይነግርህም።»

ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ። የዘንድሮው ወይን እንዳይበላሽ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጃቸው ሥራ ላይ ናት፤ በዚያን ጊዜ እየመጣ እንዲቀምስላቸው፣ ይህንንም ለማንም፣ በተለይ ለእሷ፣ ትንፍሽ እንዳይል ጠየቁት።

ለምን አይነግሯትም አላቸው።

«እሷን አንተ ገና አታውቃትም። የእናቷን አልጋ ስትጠብቅ ወጣትነቷ ነጎደ። አሁን ደግሞ አባቴ ጋዝ ቢያፈስ አይሸተውም፣ ምግብ ቢበላሽ አያውቅም ካለች፣ ከእኔ ጎን ንቅንቅ አትልም። አንተንም አታገባም፣ ሌላም አታገባም። ወይኑ ሲደርስ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ እሷም የራሷን መንገድ መያዝ ትልመድ።»

እሺ አለ። መዋሸት ለማይችል ሰው ቃል መስጠት ቀላል ነገር አይደለም፤ እሱ ግን ሽማግሌው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መልሱን ሲጠብቁ አይቶ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ገና ደጃፉን ሲረግጥ ጋዝ ሸተተው። እየሮጠ ገብቶ ሲሊንደሩን ዘጋ፤ የምድጃው ጎማ ተሰንጥቋል። ሽማግሌው እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብለው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተ፣ ጎማውን ቀየረ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ጋዝ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያ አምጥቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ለልጃቸው ምን ብለው እንደነገሯት አልጠየቀም።

ዕቃ ቤቷ ጠባብ ናት። ደምጃኖቹ እንደ ወፍራም ሰዎች ተደጋግፈው ተቀምጠዋል፤ መብራቷ አንዲት አምፖል ናት። ሽማግሌው በቀጭን ቱቦ ስበው ይቀዱለታል፣ እሱ ይቀምሳል፣ ከዚያ ፈተናው ይጀምራል። «ጥሩ አይደለም» ብሎ ማለፍ የለም። ከምን ጋር ይመሳሰላል ይሉታል። አላውቅም ሲል፣ ታውቃለህ ሰነፍ ሆነህ ነው ይሉታል። ላብ እስኪያጠምቀው ቃል ይፈልጋል። መጀመሪያ ያገኘው «ብረት» የሚለውን ነው፤ ቀጥሎ «ያልበሰለ ፕሪም»፤ አንድ ቀን ደግሞ ብዙ ሰዓት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የተረሳ ሻይ ምላስን ሸካራ እንደሚያደርገው እንደዚያ ያደርጋል አላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አሻሹ።

«አየሁት» አሉ።

ወይኑን ከአተላው ለይተው ወደ ንጹሕ ደምጃን ሲገለብጡት ጠራ። ብርዱ ሲመጣ ግን ጭራሽ ጣዕሙ ጠፋ። ፍሪጅ ሠሪው ተጨንቆ «ዛሬ ምንም አይልም፤ ዝም ብሏል» አላቸው። ሽማግሌው አልደነገጡም። ሚስታቸውም በብርድ ወራት እንደዚያ ትል እንደነበር፣ ያን ጊዜ እንዳይነካካ መተው እንደሆነ ነገሩት። ከወይኑ ይልቅ ስለ እሷ ብዙ ያወሩ ነበር። እሱም ከዕቃ ቤቷ ሲወጣ በረንዳው ላይ የተቀመጡትን የልጅቷን የቤት ጫማዎች እያየ ያልፋል።

ቃል መፈለግ ግን ሱስ ያስይዛል። አንድ ምሽት አብረው ሲሄዱ እጇን ያዘና፣ ከሥራ ስትወጣ እጇ ስፒሪት ስፒሪትና አዲስ ካርቶን እንደሚሸት፣ ከሥሩ ግን ዝናብ እንደነካው እንጨት የሆነ የራሷ ሽታ እንዳለ፣ እሱን ለማግኘት ብሎ እስከሚለያዩበት የመንገዱ ጥግ ድረስ እጇን እንደማይለቅ ነገራት። ቆመች።

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

ጆሮዎቹ ቀሉ። እሷም ለጊዜው ደስታዋን ይዛ ሄደች። ጥያቄው ግን ውስጧ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነገሮች መገጣጠም ጀመሩ። ቅዳሜ ስትደውል አያነሳም። ሱቁ ይዘጋል። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ፣ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ፣ ሲመለስ ግን ፊቱ ፈካ ብሎ ነው አላት። አንድ ቅዳሜ ቀደም ብላ ከሥራ ወጣችና ሱቁ በር ላይ ጠበቀችው። ሲደርስ አፉ ወይን ሸተታት። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው መጠጥ የሰው ቤት እንዴት እንደሚያፈርስ ከማንም ይበልጥ ያውቃል።

«ጠጥተሃል?»

«ቀምሻለሁ።»

«ከማን ጋር?»

የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

«ሴት ናት?»

«አይደለችም። ግን ልነግርሽ አልችልም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

አየችው። ንዴት ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ፊቷ ላይ የነበረው ግን ያ የመጀመሪያ ቀን ያየው ድካም ብቻ ነው፣ ሳቅ የሌለበት።

«ውሸት ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ቢያንስ ለእኔ ብሎ ተጨነቀ እል ነበር።»

ሄደች። ስልኩን አላነሳችም። መድኃኒት ቤቱ ሲሄድ የሥራ ባልደረባዋ እየወጣች «የለችም» ትለዋለች፤ ከመጋረጃው በስተኋላ የሚታየው ጫማ ግን የእሷ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃ ቤቷ ሲገባ ሽማግሌው በደስታ ይንጎራደዱ ነበር። ልጃቸው የቅርንጫፉን ሥራ እሺ ማለቷን አበሰሩት። ምን እንደነካት አያውቁም፤ ብቻ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው። በመጨረሻ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀችው አሉ። ብርጭቆውን ሞልተው ሰጡት።

ወይኑን አፉ ውስጥ ያዘው። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «ደርሷል» ቢል ሽማግሌው ቃላቸውን ጠብቀው ዛሬውኑ ይነግሯታል፣ እሷም ሻንጣዋን ሳትዘጋ ሁሉ ነገር ይፈታል። የሚቀምስ ሌላ ሰው የለ፣ የሚያጋልጠው የለ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ጆሮዎቹ ሲግሉ ተሰማው።

ዋጠ።

«ገና ነው» አለ።

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ሌላ ቃል አልመጣም። ዓይናቸውን ሲገልጡ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ መሬት መሬት ያያል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምላሴን አይመኑት። ሁሉ ነገር ነው የሚመረኝ። ወይኑ ይሁን እኔ አላውቅም።»

ሽማግሌው ጥያቄ አልደረደሩም። ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ለማየት የሹፌር ዓይን በቂ ነው፤ የልጃቸው ሻንጣ፣ ሰሞኑን ጭራሽ የማታነሳው ስም፣ እዚህ የተቀመጠው የስሙ ባለቤት ፊት።

«በእኔ ምክንያት ነው?» አሉ።

አይደለም ሊል አፉን ሲከፍት ጆሮዎቹ ቀሉ።

«ተወው፣ ጆሮህ ነገረኝ።»

ኮታቸውን ደርበው ወጡ።

ቀጥሎ የሆነውን እሷ ናት ኋላ የነገረችው። አባቷ መድኃኒት ቤቱ ገብተው እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሰልፍ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ ኮፍያቸውን አወለቁና፣ ከኋላቸው የሳል ሽሮፕ የምትጠብቅ ሴትዮ እየሰማች፣ የአፍንጫቸውን፣ የእናቷን፣ የዕቃ ቤቷን፣ የቅዳሜውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘረገፉት። እሷ አልጮኸችም። ለሴትዮዋ ሽሮፑን ሰጥታ አወሳሰዱን አስረዳቻት። ከዚያ ነጭ ጋዋኗን አወለቀች። አባትና ልጅ ተከታትለው ወደ ቤት ሄዱ።

ፍሪጅ ሠሪው ልሂድ ወይስ ልቆይ እያለ እዚያው ዕቃ ቤት ተቀምጧል። በሩ ላይ ቆመች።

«አቼቶ መሆኑን አላውቅም መሰለህ?» አለች ለአባቷ። «ሰላጣ ላይ ሳፈሰው ነው የከረምኩት። አንተ ደስ እንዲልህ ነው ዝም ያልኩት። ዝም በማለቴ አጠፋሁ፣ እሺ። እናንተስ? እኔ ከዚህ ቤት ልውጣ አልውጣ፣ ላግባ አላግባ፣ ሁለታችሁ እዚች ጉድጓድ ውስጥ ወይን እየቀማመሳችሁ ነው የወሰናችሁት። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

«እማዬን ያስታመምኳት ማንም አስገድዶኝ አይደለም። ፈልጌ ነው። ያንን ዕዳ አታድርጉብኝ።» ወደ ፍሪጅ ሠሪው ዞረች። «አንተም ለእሱ ቃልህን ጠበቅክ። ጥሩ ነው። እኔ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ትራስ ነክሼ አልቅሻለሁ።»

«ጥሩ አይደለም» አለ እሱ፣ በጣም ዝግ ብሎ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

እሺ ያለችውን ሥራ አልተወችም። አሁን በንዴት ሳይሆን ራሷ ፈልጋ እንደምትሄድ፣ ማንም እንዳይከተላት፣ ማሰብ እንደምትፈልግ ተናግራ ሄደች። አባቷ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኟት፤ ሹፌሩን ቀስ ብለህ ንዳ ብለው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቁት። ፍሪጅ ሠሪው አልመጣም፤ እንዳትከተሉኝ ብላለችና።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ለአባቷ ትደውላለች። የጋዙ መሣሪያ ይሠራል ወይ፣ ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ነገር በልተሃል ወይ፣ ወንድሜ መጥቷል ወይ ትላለች። ስለ እሱ አትጠይቅም። ፍሪጅ ሠሪውም አሁን ተደብቆ ሳይሆን በፊት በር እየገባ መቅመሱን ቀጥሏል፤ አንዳንድ ጊዜም ስልኩ ሲደወል እዚያው አለ። ድምፁን እንዳትሰማ ብሎ ሳሉን እንኳ ይውጣል።

ብርዱ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ «ወይኑስ?» አለች።

ሽማግሌው ስልኩን ለእሱ አቀበሉትና ሐረጉን ላጠጣ ብለው ወጡ።

ስልኩን ይዞ ቆመ። በዚያኛው ወገን ትንፋሿ ይሰማል። ይቅርታ ሊል ፈልጎ ነበር፣ ናፍቀሽኛል ሊል ፈልጎ ነበር፤ እሷ የጠየቀችው ግን ስለ ወይኑ ነው። ስለ ወይኑ ነገራት። ዝምታውን መተዉን፣ ስታሸተው መጀመሪያ እንጆሪ እንጆሪ እንደሚል፣ ቀጥሎ ደረቅ ቅጠል፣ ሸካራው እየለሰለሰ እንደሆነ፣ ልትውጠው ስትል ግን መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚቧጥጥ ነገር እንደቀረው፣ የሚቧጥጠውንም ነገር መውደድ እንደጀመረ። ሲጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለው።

«ቀጥል» አለችው።

ከዚያ ወዲያ እሑድ ሁሉ ስለ ወይኑ ይነግራታል። ወይን በሳምንት ይህን ያህል አይለወጥም፤ እሱም ተለወጠ አላለም። የሚነግራት ያው የነበረውን ነው፣ ቃሉን እየለወጠ። ከወይኑ ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ ራሱ ያልፋል። እሷም ስለ ሥራዋ፣ ስለምትኖርበት ጠባብ ክፍል፣ ለብቻ መብላት መጀመሪያ ነፃነት ኋላ ግን ሌላ ነገር እንደሆነ ታወራለች።

አዲሱ ፍሬ ሐረጉ ላይ መቅላት ሲጀምር፣ ሳትናገር መጣች። ቅዳሜ ከሰዓት ፍሪጅ ሠሪው በሩን ሲያንኳኳ የከፈተችው እሷ ናት። የቤት ጫማዎቿን ተጫምታለች።

ሦስቱም ዕቃ ቤት ገቡ። ሽማግሌው ሦስት ብርጭቆ ቀዱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሱ ቀመሰ፤ ሊናገር ሲል ግን እሷን አየ። አፏን በእጇ ጀርባ ሸፍናለች፣ እንባዋ ይወርዳል።

«ምን ይላል?» አሉ ሽማግሌው።

«የእማዬን ወይን» አለች።

ሽማግሌው ብርጭቆውን ቀስ ብለው ጠጡ፤ ለእሳቸው ውሃ ማለት ነው። እስከ ጠብታው ጨረሱት። ከዚያ የሚሠሩት ሥራ እንዳለ ሰው ተነሥተው ወጡ።

አምፖሏ ሥር ሁለቱ ቀሩ።

«አባዬ ነግሮኛል» አለችው። «ያን ቀን ደርሷል ብትል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። አላሰብከውም?»

«አስቤዋለሁ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አልደረሰም ነበራ።»

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ደምጃን ተደግፋ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ድካሙ የት እንደሄደ እንጃ። ሳቋ ሲያልቅ እጇን ሰጠችው።

«ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ምስጢር ጠብቅ» አለችው። «የእኔን ጉዳይ ግን ከእኔ አትደብቅ። ስለ እኔ የሚወሰን ነገር ካለ እኔ ባለሁበት።»

«እሺ።»

«እንግዲያው ጠይቀኝ።»

ጠየቃት። ምን ብሎ እንደጠየቃት ሁለቱም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገሩም። ሽማግሌው ግን ከውጭ ሐረጉን እየቆረጡ ሳለ የልጃቸውን «እሺ» ሰምቻለሁ ይላሉ፤ አፍንጫቸው እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው።

ወንድምየው ነገሩን ሲሰማ ፊቱን አጠቆረ፤ ወይኑን ቀምሶ ግን ድገሙኝ አለ። ልጅቷ ለቅርንጫፉ ተተኪ አሠልጥና ተመለሰች። ቤት የተከራዩት ከአባቷ ግቢ ብዙ ሳይርቁ ነው፤ ይህንንም የመረጠችው እሷ ናት፣ ባሏም አባቷም አስተያየት እንዳይሰጡ ተከልክለው።

በተከታዩ ዓመት ፍሬ ሲለቀም ግን ዕቃ ቤቷ ድርሽ ማለት አልቻለችም። ነፍሰ ጡር ነበረችና ሽታ ጠላቷ ሆነ። ጭማቂው ሲፈላ ገና ከመንገዱ ማዶ ይሸታታል። መሀረብ አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ የግቢው በር ላይ ወንበር አስወጥታ ተቀመጠች። ባሏ የሱሪውን እግር ሰብስቦ ውስጥ ፍሬ ይረግጣል። ሽማግሌው ወደ እሷ መጥተው አጥሩን ተደገፉ።

«በጣም ይሸታል?» አሏት።

«አታምነኝም አባዬ።»

«እንዴት እንዴት ነው? እስቲ ንገሪኝ፣ እማ።»

መሀረቧን ትንሽ ዝቅ አደረገችና አየሩን ሳበች። ፊቷ ተኮማተረ። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ የሚፈላውን ጭማቂ፣ የረጠበውን እንጨት፣ ጎረቤት የሚጠበሰውን ሽንኩርት፣ የባሏን የላብ ሸሚዝ፣ ከሩቅ የሚመጣውን ዝናብ፣ አንድም ሳታስቀር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት። ስታቆም፣ ሳይገልጡ፣ በእጃቸው ቀጥዪ አሏት።